የምሕረት ግብዣ

ግብዣ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ጋባዡ እንዲታይበት፣ ሁለተኛው ችግረኛ እንዲረዳበት የሚደረግ ነው። ከውጭ ሲመለከቱአቸው ሁለቱ አይለያዩም፤ በሁለቱም ዘንድ ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት ጠረጴዛ፣ ትኩስ ምግብ፣ የሳቅና የጨዋታ ድምፅ አለ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ከፍርፋሪው ጋር ተጠርጎ ይጣላል፤ ሁለተኛው ግን እንግዶቹ ወደየቤታቸው ከገቡ፣ ጋባዦቹም ከዚህ ዓለም ከተለዩ በኋላ እንኳ ብዙ ዘመን ሲመግብ ይኖራል። ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ግብዣ ነው።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ የታደምሁት አንድ የእራት ግብዣ ነው። ልጄና ባሏ የሚረዱት አንድ የክርስቲያኖች ማኅበር አለ። ሥራውም ያላሰቡት እርግዝና ደርሶባቸው የተጨነቁ ሴቶችን ተቀብሎ ፅንሱን ከማስወረድ ይልቅ ልጁን ወልደው እንዲያሳድጉ መርዳት ነው። ማኅበሩ በዓመት አንድ ቀን እራት ያበላል፤ ከእራቱም በኋላ ለዓመቱ ሥራ የሚሆነውን ገንዘብ ይለምናል። ልጄ «አባዬ፣ ከእኛ ጠረጴዛ አንድ ወንበር ይዘንልሃል» ስትለኝ፣ «ለችግረኛ ለመለመን ጠግቦ መብላት ምን የሚሉት ነው?» ብዬ አጉረመረምሁ። እርስዋም ስቃ «አይተህ ፍረድ» አለችኝ።

ሄጄም አየሁ። በየጠረጴዛው አንድ ቤተ ሰብ ጋባዥ ሆኖ ወዳጆቹንና ጎረቤቶቹን ሰብስቧል። በየጠረጴዛው መካከል ባዶ የሕፃን ጡጦ ተቀምጧል፤ ምእመናኑ ይህን ጡጦ ወደ ቤታቸው ወስደው ሳንቲም እየሞሉ ለማኅበሩ የመመለስ ልማድ እንዳላቸው ልጄ አስረዳችኝ። እራቱ ካለቀ በኋላ አንዲት ወጣት እናት ተነሥታ ተናገረች። ወደ ማኅበሩ ቤት በገባችበት ቀን የሚነቅፋትና የሚመረምራት ሰው እንደሚጠብቃት አስባ ነበር። በር የከፈተችላት አሮጊት ግን መጀመሪያ የጠየቀቻት ምሳ በልታ እንደ ሆነ ነው። ሾርባ አሙቃ አቀረበችላት፤ ሌላው ነገር ሁሉ የተነሣው ሾርባው ካለቀ በኋላ ነበር። ይህን ስትናገር አንድ የአራት ዓመት ልጅ ከኋላ ካለው ጠረጴዛ ሮጦ መጥቶ ቀሚሷን ያዘ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ አጨበጨበም። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያልሳቅሁበትን ምክንያት ወደ ኋላ እናገራለሁ፤ አስቀድሜ ግን በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያስታወስሁትን ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመታቱን የምጽፈው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በጥንት ሮማውያን ዘመን ያልተፈለገ ሕፃንን በሜዳ መጣል እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ግን ይህን ልማድ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ የሐር ነጋዴዎች ማኅበር ታላቁን አናጺ ብሩኔሌስኪን አሠርቶ ለተጣሉ ሕፃናት ቤት አቆመ፤ የመጀመሪያዋም ሕፃን በ1445 ገባች። በዘመናችንም በ1968 ሉዊዝ ሰመርሂል የተባለች የልጆች እናት በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ «በርዝራይት» የተባለውን ነፍሰ ጡር ሴቶችን የሚረዳ ማኅበር አቋቋመች። ዛሬ በአሜሪካ ብቻ ይህን የመሰሉ ቤቶች ከ2 ሺህ በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም ገንዘባቸውን የሚሰበስቡት በእንደዚህ ያለ የእራት ግብዣ ነው። ስለ ሕጉና ስለ መንግሥቱ የሚደረገውን ክርክር ለባለ ክርክሮቹ እተወዋለሁ። እኔ የምጽፈው በእጅ ስለሚሠራው ምሕረት ነው። ይህ ምሕረት ከግብዣ፣ ከዜማና ከሥዕል ጋር እንዴት እንደ ተዛመደ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የሎንዶን ከተማ ታሪክ ነው።

ቶማስ ኮራም በ1668 ግድም ላይም ሪጂስ በምትባል በእንግሊዝ አገር የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት፤ በ11 ዓመቱም ወደ መርከብ ሥራ ገባ። ካደገ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በማሳቹሴትስ መርከብ ያሠራ ነበር፤ የቦስተን ተወላጅ የሆነችውን ዩኒስንም አገባ። ልጅ ግን አልወለዱም። ወደ እንግሊዝ አገር ከተመለሰ በኋላ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ መርከበኞች በሚኖሩበት ሮዘርሃይዝ በሚባል ሰፈር ተቀመጠ። ከዚያም ማለዳ ወደ ሎንዶን እየሄደ ማታ ይመለስ ነበር። በዚህ በማለዳና በማታ መንገዱ ላይ የተጣሉ ሕፃናት ያያል፤ አንዳንዱ በሕይወት ነው፣ አንዳንዱ ሊሞት ያጣጥራል፣ አንዳንዱም ሞቷል። በዚያ መንገድ የሚያልፈው እርሱ ብቻ አልነበረም። ሌላው ሁሉ አይቶ አልፏል፤ ኮራም ግን ማለፍ አልቻለም።

ነገሩንም ሲመረምር ሁለት ምክንያት አገኘ፤ አንዱ ድህነት ነው፣ ሁለተኛው እፍረት ነው። ያለ ጋብቻ የወለደች ሴት ሥራዋን ታጣለች፣ ከዘመዶቿ ትለያለች፣ እንጀራ የሚሰጣት አታገኝም። ስለዚህ ልጇን የምትጥለው ስለ ጠላችው ሳይሆን በዚያ ልጅ ፊት የሚዘጋባት በር ብዙ ስለ ሆነ ነው። ኮራም እነዚህን ልጆች የሚቀበል ቤት እንዲቆም ለባለ ሥልጣኖችና ለመኳንንት ይለምን ጀመር። መኳንንቱ ግን «ይህን ቤት ብናቆም ዝሙትን ማደፋፈር ይሆንብናል» እያሉ ፊታቸውን አዞሩበት። እንደዚህ ያለ አነጋገር በየዘመኑ አለ፤ ሲሰሙት የጽድቅ ቃል ይመስላል፣ ፍሬው ግን በመንገድ ዳር የሞተ ሕፃን ነው።

ኮራም 17 ዓመት ለመነ። የተማረ ሰው አልነበረም፤ ንግግሩም የመርከበኛ ንግግር ስለ ነበረ ቁጣ ይበዛበት ነበር። ወንዶቹ እንቢ ባሉት ጊዜ ወደ እመቤቶቹ ዞረ። በ1729 የሶመርሴት መስፍን ሚስት በልመናው ወረቀት ላይ ፈረመች፤ ሌሎቹም ተከታትለው ከእርስዋ ጋር በጠቅላላው 21 ታላላቅ እመቤቶች ፈረሙ። እመቤቶቹ ከፈረሙ በኋላ ባሎቻቸው ማፈር ጀመሩ። በመጨረሻም በጥቅምት 17 ቀን 1739 ንጉሥ ጆርጅ ሁለተኛ ቤቱ እንዲቆም የሚፈቅደውን ደብዳቤ ሰጠ። ቤቱም ፋውንድሊንግ ሆስፒታል ተባለ፤ ትርጉሙ ተጥለው የተገኙ ሕፃናት መጠለያ ማለት ነው። ሆስፒታል የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ሐኪም ቤትን ብቻ ሳይሆን የድኃ መጠለያንም ያመለክት ነበር።

በመጋቢት 25 ቀን 1741 ማታ፣ በኪራይ በተያዘ ቤት ውስጥ፣ በሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። የሚመጡት እናቶች እንዳይታወቁ በመግቢያው ያለው መብራት እንዲጠፋ ተደረገ። ይህን ያሰበ ሰው የእፍረትን ክብደት ያውቅ ነበር ማለት ነው። እስከ እኩለ ሌሊት 30 ሕፃናት ገቡና ቤቱ ሞላ። በሩ ሲዘጋ ውጭ የቀሩት ሴቶች ልቅሶ፣ ልጃቸውን ሰጥተው ከተለዩት ሴቶች ልቅሶ እምብዛም እንዳልበለጠ በቤቱ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ከተጠመቁት ሕፃናት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቶማስ ኮራምና ዩኒስ ኮራም ተብለው ተሰየሙ። የኮራም ሚስት ዩኒስ ግን ይህን ሳታይ ባለፈው ዓመት ሞታ ነበር።

ቤት ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ቤትን ማኖር ግን ሌላ ነገር ነው። ሕፃናቱ በየገጠሩ ለሚያጠቡአቸው ሞግዚቶች ይሰጡ ነበርና ለሞግዚቶቹ ደመወዝ ያስፈልጋል፤ ልብስ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ሕንፃም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከሰጪ እጅ ነበር። እንግዲህ ግብዣው የሚገባው በዚህ ላይ ነው።

ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት ከቤቱ ባለአደራዎች አንዱ ነበረ። በ1740 የኮራምን ሥዕል ሠርቶ ለቤቱ ሰጠ። መኳንንት በሚሳሉበት ዐይነት በታላቅ ሸራ ላይ፣ ይህን እግሩ ከወለሉ በደንብ የማይደርስ አጭር መርከበኛ፣ ቀይ ካፖርቱን እንደ ለበሰ የንጉሡን ደብዳቤ ማኅተም አስይዞ ሳለው። ከዚያም ጓደኞቹን ሠዓሊዎች አስተባብሮ እያንዳንዳቸው ሥዕል እንዲሰጡ አደረገ። ሠዓሊዎቹም ከ1746 መጨረሻ ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 5 ቀን በዚያ ቤት ተሰብስበው አብረው ራት እንዲበሉ ተስማሙ። ሥዕሎቹን ለማየት ሕዝብ ይጎርፍ ነበር፤ የመጣውም ሰው ልጆቹን ያያል፤ ልጆቹን ያየውም እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። በ1768 የተቋቋመው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አንዱ ሥሩ በዚያ ማዕድ ዙሪያ የተደረገው ስብሰባ ነው። ለሕፃናት ተብሎ የተዘረጋ ማዕድ ሠዓሊዎቹንም መገበ።

የሙዚቃው ሊቅ ጆርጅ ፍሬዴሪክ ሐንድል ደግሞ በ1749 የቤቱ ጸሎት ቤት ገና ሥራው ሳያልቅ ሙዚቃ ሊያሰማበት ተነሣ። መግቢያው በነፍስ ወከፍ ግማሽ ጊኒ ነበር፤ አልጋ ወራሹና ሚስቱም መጡ። በሚከተለው ዓመት፣ በግንቦት 1 ቀን 1750፣ «መሲሕ» የተባለውን ታላቅ ድርሰቱን አሰማ። ይህ ድርሰት መጀመሪያ በ1742 በደብሊን ሲሰማም ገቢው በዕዳ ለታሠሩ ሰዎችና ለሕሙማን ነበር፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው እንዲገባ እመቤቶቹ በቀሚሳቸው ውስጥ የሚያደርጉትን ሰፊ ቀለበት ትተው፣ ወንዶቹም ሰይፋቸውን ሳይታጠቁ እንዲመጡ ተለምነው ነበር። በሎንዶን የሕፃናት ቤት ግን የመጣው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ቲኬት የያዙ ሰዎች እንኳ ተመለሱ፤ ስለዚህ በዚያው ወር እንደ ገና መሰማት ግድ ሆነ። ሐንድል እስከሚሞት እስከ 1759 ድረስ በየዓመቱ ይህ አልቀረም፤ በኑዛዜውም የድርሰቱን ቅጅ ለቤቱ አወረሰ። ከዚህ ሁሉ የተገኘው ገንዘብ ከ6 ሺህ ፓውንድ በላይ ሆነ፤ በዚያ ዘመን እጅግ ከባድ ገንዘብ ነበር።

እኔ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በመዘምራን ቡድን ውስጥ ሳለሁ ከዚህ ድርሰት «ሃሌ ሉያ» የሚለውን ክፍል አጥንተን እንዘምር ነበር። ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስንዘምር የሚታየን የሰማይ ክብር እንጂ የሕፃን ወተት አልነበረም። ይህ መዝሙር ለሞግዚት ደመወዝ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለመድኃኒት የተዘመረ መሆኑን የተረዳሁት ራሴ አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ ታሪኩን ሳነብ ነው። ከዚያም ወዲህ መዝሙሩ በጆሮዬ ይበልጥ ከበረ እንጂ አልቀለለም። የሰማይን ክብር የሚያወድስ ዜማ በምድር ላይ የሕፃን ጡጦ ቢሞላ ከዚህ የሚበልጥ ምን አገልግሎት አለው?

ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ ኮራም ልጅ አልነበረውም፣ ሆጋርትም ልጅ አልነበረውም፣ ሐንድልም አላገባም፣ አልወለደም። ሦስቱ ያልወለዱ ሰዎች በሺህ ለሚቈጠሩ ልጆች አባት ሆኑ። አንዱ እግሩንና አንደበቱን፣ ሁለተኛው ብሩሹን፣ ሦስተኛው ዜማውን ሰጠ። አባቶቻችን «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለእንዲህ ያለ ነገር ነው።

ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊ መልካሙን ብቻ ነግሮ ቢያልፍ ሐሰተኛ ይሆናል። በዚያ ቤት የሚያሳዝን ነገርም ነበረ። የሚመጣው ሕፃን ከቦታው በላይ ስለ በዛ ከ1742 ጀምሮ እናቶቹ ዕጣ እንዲያወጡ ተደረገ። እያንዳንዷ እናት ልጇን ታቅፋ እጇን ወደ ከረጢት ትሰዳለች። ነጭ ኳስ ከወጣላት ልጁ ጤነኛ ከሆነ ይገባል፤ ቀይ ከወጣላት ቦታ እስኪገኝ ትጠብቃለች፤ ጥቁር ከወጣላት ይዛው ትመለሳለች። ዕጣው አድልዎ እንዳይኖር በቅን ልብ የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ ያማረ ልብስ የለበሱ እመቤቶች ይህን ለመመልከት እየመጡ ይቀመጡ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት መብራቱ ለእናቶቹ ክብር ሲባል ጠፍቶ ነበር፤ ጥቂት ጊዜ ሳይቆይ ግን የእናቶቹ እንባ በቀን ብርሃን የሀብታሞች ማሳለፊያ ሆነ። ወጣቶች ሆይ፣ በጎ አድራጎት እንዲህ ሳይታወቀው ይበላሻል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ነገር ግን ሰጪው የተቀባዩን ፊት ማየት ረሳ።

ሁለተኛውም ኀዘን ከዚህ ይከፋል። በ1756 የእንግሊዝ ፓርላማ፣ የመጣው ሕፃን ሁሉ እንዲገባ ብሎ ለቤቱ 10 ሺህ ፓውንድ ሰጠ። በበሩ ላይ ቅርጫት ተሰቀለ፤ ያመጣ ሰው ሕፃኑን በቅርጫቱ አስቀምጦ ደወሉን ደውሎ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 117 ሕፃናት መጡ። አራት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ 14,934 ሕፃናት ገቡ፤ ከእነርሱም ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ሞቱ። ብዙዎቹ ከሩቅ አውራጃ በገንዘብ በተቀጠሩ ሰዎች እጅ ሲንገላቱ መጥተው ሲደርሱ የታመሙ ነበሩ፤ ጤነኛ የሆኑትንም የሚያጠቡ በቂ ሞግዚቶች አልተገኙም። በ1760 ፓርላማው ገንዘቡን አቋረጠ። ከዚህ የምንማረው ገንዘብ ብቻውን እንደማያድን ነው። ቅርጫት ሕፃን ይቀበላል፤ እናቲቱን ግን ምሳ በልታ እንደ ሆነ አይጠይቅም። በዚያ በር ላይ ደወል እንጂ ሰው አልነበረም።

ኮራም ራሱ ይህን ሳያይ ሞቷል። ነገር ግን እርሱም የራሱን መራራ ጽዋ ጠጥቷል። ከአንዳንድ ባለአደራዎች ጋር ስለ ተጋጨ በ1742 ከሚመራው ኮሚቴ ሳይመረጥ ቀረ፤ 17 ዓመት ደጅ ጠንቶ ባቆመው ቤት ሥልጣን አጣ። ገንዘቡንም ለሰው ሲል ጨርሶ ስለ ነበር በእርጅናው ድኃ ሆነ። ወዳጆቹ መዋጮ ሊያደርጉለት አስበው እንዳይከፋው ሲጠይቁት፣ ሀብቱን በከንቱ ምቾት እንዳላጠፋውና በስተርጅና ድኃ መሆኑን ለመናገር እንደማያፍር መለሰላቸው። በስተመጨረሻ ዘመኑ በቤቱ በረንዳ ተቀምጦ ለልጆቹ የዝንጅብል ብስኩት ያድላቸው ነበር ይባላል። በ1751 በ83 ዓመት ዕድሜው ግድም ሞቶ በጸሎት ቤቱ ውስጥ ተቀበረ።

እናቶቹስ? እናቶቹ ልጃቸውን ሲሰጡ አንድ ቀን መጥተው ለመውሰድ ተስፋ ስለሚያደርጉ መለያ ምልክት ይተዉ ነበር፤ ግማሽ ሳንቲም፣ አዝራር፣ የለውዝ ዐይነት ፍሬ ቅርፊት፣ ከሕፃኑ ልብስ የተቀደደ ቁራጭ ጨርቅ። ምልክቶቹ ዛሬ በሎንዶን በ2004 በተከፈተው የፋውንድሊንግ ቤተ መዘክር ይታያሉ። ከ1741 እስከ 1760 ከገቡት 16,282 ሕፃናት ውስጥ እናቶቻቸው ተመልሰው የወሰዱአቸው 152 ብቻ ናቸው። የቀሩት ምልክቶች ጠያቂ ሳያገኙ ይኸው ከ250 ዓመት በላይ ተቀምጠዋል።

በ1767 ሣራ ቤንደር የምትባል እናት ቻርልስ ብላ የጠራችውን ልጇን ለዚህ ቤት ሰጠች። ምልክቷም ከልዩ ልዩ ቁራጭ ጨርቅ የተሰፋ፣ የልብ ቅርጽ የተጠለፈበት ጨርቅ ነበር፤ ልቡን ከመካከል ቆርጣ ግማሹን ለቤቱ ሰጠች፣ ግማሹን ይዛ ሄደች። ቤቱ ለልጁ ሌላ ስም አወጣለት። ከስምንት ዓመት በኋላ በ1775 ሣራ ግማሹን ልብ ይዛ መጣች፤ ሁለቱ ግማሾች ገጠሙ፤ ልጇንም ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። እንግዲህ ልጅን የምትሰጥ እናት ልብ የላትም የሚል ሰው ቢኖር ይህን ጨርቅ ሄዶ ይመልከት።

አሁን በዚያ ግብዣ ላይ ያልሳቅሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ከ30 ዓመት በፊት ባስተማርሁበት አንድ ትምህርት ቤት አንዲት ጎበዝ ተማሪ አረገዘች። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ እኔም ጸሐፊ ነበርሁ። ጽሕፈትህ ያምራል ተብሎ ነው የተመረጥሁት፤ ያን ጽሕፈት ያስተማሩኝም የሚሲዮን መምህራኖቼ ነበሩ። ልጅቱ በፊታችን ቆማ ስታለቅስ ስለ ትምህርት ቤቱ መልካም ስም ተነጋገርን። «ብንተዋት ሌሎቹ ይማሩባታል» አለ አንዱ፤ ሌሎቻችንም ተስማማን። ያስረገዛት ማን እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም። የወዴት ትሄጃለሽም ጥያቄ አልተነሣም። እኔም ከትምህርት ቤት መባረሯን በሚያምረው ጽሕፈቴ በቃለ ጉባኤው ላይ ጽፌ ፈረምሁ። ደብተሮቿን በደረቷ ታቅፋ በግቢው በር ስትወጣ በመስኮት አየኋት። ከዚያ በኋላ እርስዋም ሆነች ልጇ የት እንደ ደረሱ አላውቅም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤተ ሰቧ ወደ ነበሩበት ሰፈር ሄጄ ጠየቅሁ፤ ሰፈሩ ፈርሷል፣ ሰዎቹም ተበትነዋል።

እኔ በሕይወቴ ስለ ሕፃናት ነፍስ ክቡርነት ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ። በሰንበት ትምህርት ቤትም ተናግሬአለሁ። የተናገርሁት እውነት ነበር፤ አሁንም አምንበታለሁ። ነገር ግን ያ እውነት በእግሩ ቆሞ በፊቴ ባለቀሰ ቀን በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። በእንግሊዝ አገር «ዝሙትን ማደፋፈር ይሆናል» ብለው ኮራምን ከመለሱት መኳንንት በምን እሻላለሁ? ስለዚህ ያቺ ወጣት እናት ስለ ሾርባው ስትናገር ሰው ሁሉ ሲስቅ ለእኔ የታየኝ ያ መስኮት ነበር።

እንግዲህ በግብዣው ላይ ፍረድ ተብዬ ነበርና ፍርዴን ልስጥ። ያ ግብዣ መልካም ግብዣ ነው። መልካም ያሰኘው ምግቡ ወይም የተሰበሰበው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በሎንዶን እመቤቶቹ ተቀምጠው እናቶቹ ቆመው ዕጣ ያወጡ ነበር፤ በዚያ ማታ ግን እናቲቱ ከእኛ ጋር ተቀምጣ እራት በላች፣ ተናገረች፣ ልጇም በጠረጴዛዎቹ መካከል ሮጠ። ጌታችን ግብዣ ስታደርግ ብድር የሚመልሱልህን ሳይሆን ሊመልሱልህ የማይችሉትን ጥራ ብሎ ያስተማረው ይህን ነው። ለችግረኛ ስም በልቶ ችግረኛውን ከደጅ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ችግረኛውን ከማዕዱ ራስጌ ማስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ግብዣ በደስታ ሊከበር ይገባዋል፤ ዘፈኑም ጭብጨባውም ይገባዋል። እኔም ካርዱ ሲዞር አቅሜ የፈቀደውን ጻፍሁበት። ልጄ አየችና «አባዬ፣ በዛ» አለችኝ። «የቆየ ዕዳ አለብኝ» ብዬ መለስሁላት።

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ አብዛኞቹ ግብዣ የሚያዘጋጅበት ገንዘብ የላችሁም። ነገር ግን ሁላችሁም ነገ አስተማሪ፣ የቢሮ ሹም፣ አባት ወይም እናት፣ አከራይ፣ የጉባኤ ጸሐፊ ትሆናላችሁ። አንድ ቀን በአንዲት የተጨነቀች ሴት ላይ ቃለ ጉባኤ ጻፍ ትባላላችሁ። ያን ቀን ስለ መልካም ስም የሚናገር ሰው ሞልቷል፤ እናንተ ግን ምሳ በልታ እንደ ሆነ ጠይቁአት። አባትየውም የት እንዳለ ጠይቁ። ሕፃንን ማዳን የሚጀመረው እናቱን ከማዋረድ እጅን በመሰብሰብ ነው፤ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይከተላል።

የፋውንድሊንግ ቤት በ1926 ከሎንዶን ወጣ፤ በውስጡ የሚያድሩ ልጆች መኖር ያበቃው ደግሞ በ1954 ነው። እስከዚያ ድረስ ከ25 ሺህ በላይ ልጆች አልፈውበታል። ድርጅቱ ዛሬም በኮራም ስም ልጆችን ይረዳል። ቤቱ ቆሞበት የነበረው ስፍራ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ሆኗል፤ ስሙም የኮራም ሜዳ ይባላል። በዚያ ሜዳ አንድ ሕግ አለ፤ ትልቅ ሰው ልጅ ካልያዘ አይገባም። ጌታም ሹምም ቢሆን ብቻውን ከመጣ ከበሩ ይመለሳል፤ ትንሽ ልጅ እጁን የያዘው እንደ ሆነ ግን ይገባል። ከ280 ዓመት በፊት ልጅ የያዘች ሴት ከየበሩ ትመለስ ነበር። አንድ መርከበኛ አይቶ ማለፍ ስላልቻለ ዛሬ በዚያ ስፍራ በሩ የሚከፈተው ልጅ ለያዘ ብቻ ነው።